የፕሮግራሚንግ ኮርስ ስትመርጡ መልመጃውን አስቀድማችሁ እዩ

ሐምሌ 2016 ዓ.ም ፕሮግራሚንግ መማር ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሁለት ነገር አብሮ ይዞ መጣ። በዚያ ወር መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠናን አስጀመረ። ዩዳሲቲ የተባለው የአሜሪካ የኦንላይን ትምህርት ድርጅት ኮርሶች በነፃ ክፍት ሆኑ። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ነፃው ኮርስ ደጃችን ሲደርስ፣ የሚከፈልበት ኮርስ ዋጋ በብር ሲሰላ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቴሌግራም ግሩፑም በየግቢውም አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። የትኛውን ኮርስ ልጀምር?

መልሱ ብዙ ጊዜ የስም ዝርዝር ነው። አንዱ ሲኤስ50 ይላል። ሌላው ፍሪኮድካምፕ ይላል። ሦስተኛው የ12 ሰዓት የዩቲዩብ ቪዲዮ ሊንክ ይልካል። ጠያቂው ሦስቱንም ሴቭ ያደርጋል፣ አንዱንም አይጨርስም። ስሞቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። የጎደለው መምረጫው ነው። እኔ የምለው መምረጫ አንድ ነው፦ አስተማሪው ተናግሮ ሲጨርስ ኮርሱ ተማሪውን ምን ያሠራዋል? ሌላው ሁሉ፣ ቋንቋውም፣ ሰርተፍኬቱም፣ የአስተማሪው ዝናም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የመተው ነገር

ኦንላይን ኮርስ ጀምሮ መተው የኛ ሰው ስንፍና አይደለም። የኤምአይቲ ተመራማሪዎቹ ጀስቲን ራይክ እና ሆሴ ሩይፔሬዝ ቫሊየንቴ፣ ሃርቫርድና ኤምአይቲ ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ ላይ ያቀረቧቸውን ኮርሶች የስድስት ዓመት መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ከተመዘገቡት 52 በመቶ የሚሆኑት ኮርሱን ከፍተው እንኳ አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ2017/18 ከጠቅላላው ተሳታፊ ዳር ያደረሰው 3.13 በመቶ ብቻ ነው። ለተረጋገጠ ሰርተፍኬት ገንዘብ ከከፈሉት ግን 46 በመቶ ጨርሰዋል።

ይህን ያየ ሰው "እንግዲያው ልክፈልና ልጨርስ" ሊል ይችላል። ነገሩ ግን በተቃራኒውም ይሠራል። ለመጨረስ የቆረጠ ሰው ነው ቀድሞ ገንዘቡን የሚያወጣው። መክፈል ብቻውን ሰውን አያስጨርስም፤ ከከፈሉትም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልጨረሱም።

ታዲያ ሰው የት ላይ ነው የሚተወው? ብዙ ጊዜ የሚተወው ቪዲዮው ሲከብደው አይደለም። ቪዲዮውማ ይገባዋል። አስተማሪው ሲጽፍ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ሉፕ ገባኝ፣ ፈንክሽን ገባኝ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ አንድ ቀን ብቻውን ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ባዶ ገጽ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ምን እንደሚጻፍ አያውቅም። "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ። ችሎታ የሌለው መስሎት የተወው ብዙ ሰው፣ የጎደለው ልምምድ ብቻ ነበር።

ማየትና መሥራት ለምን ይለያያሉ

ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሙከራ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ከፊሎቹ ያንኑ ጽሑፍ ደግመው አነበቡ። ከፊሎቹ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን በወረቀት ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ።

ቪዲዮ መደጋገምም እንደዚያው ነው። በዚያው ምሽት አዋቂ ያስመስላል። በሳምንቱ ይከዳል።

ምሳሌ ልስጥ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉ ብትባሉ አስቡት። የአባላቱን ስም ይቀበላል። በየሳምንቱ አንድ ስም በዕጣ ያወጣል። አንዴ የወጣለት ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ድጋሚ አይወጣለትም። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት እነማን እንደወሰዱ አይረሳም። ልምድ ላለው ፕሮግራመር ይህ የአንድ ሻይ ሰዓት ሥራ ነው። ጀማሪው ግን ዝርዝር መያዝ፣ በዘፈቀደ መምረጥ፣ ከዝርዝር ማስወጣት፣ ፋይል ላይ መጻፍና መልሶ ማንበብ አለበት። አራቱንም ለየብቻ በቪዲዮ አይቷቸው ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ሲገጣጠሙ ግን ማንም ያላስተማረው ጥያቄ ይወለዳል። የወጣለትን ሰው ከዝርዝሩ ልሰርዘው ወይስ ሌላ ዝርዝር ውስጥ ላስገባው? መብራት መሀል ላይ ቢጠፋስ፣ ዕጣው ወጥቶ ፋይሉ ላይ ሳይጻፍ ቢቀር? አንድ አባል ሁለት ዕጣ ቢኖረውስ?

ፕሮግራሚንግ ማለት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። ትእዛዞቹን መሸምደድ ቀላሉ ክፍል ነው። ጥሩ ኮርስ እንደነዚህ ያሉ ጥያቄዎች ውስጥ ይጥላችኋል፣ መልሱን ቀድሞ አይነግራችሁም፣ ስትሳሳቱ ግን የት እንደሆነ ይጠቁማችኋል።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የመጀመሪያውን ትምህርት ትታችሁ ወደ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ምዕራፍ ሂዱ። የመጀመሪያውማ የትም ቢሆን ያምራል፤ ሰው ለመሳብ ነው የሚዘጋጀው። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ምን ሥራ እንዳለ ፈልጉ። መልሱ በቪዲዮው ውስጥ ያልታየ ጥያቄ አለ? ወይስ "ከእኔ ጋር ጻፉ" ብቻ ነው? መልሳችሁን የሚያርም ነገር አለ? ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች ብቻ ካሉ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ እየተባለ ኮድ መጻፍ አይለመድም።

የታወቁትን በዚህ ዓይን ስናያቸው

ሲኤስ50 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ነው። አስተማሪው ዴቪድ ማላን መድረክ ላይ ሲታይ ቲያትር ነው፣ ያ ደግሞ ብዙ ሰው ስቧል። የኮርሱ እውነተኛ ዋጋ ግን በየሳምንቱ የሚሰጠው ሥራ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከማሪዮ ጌም የተወሰደ የደረጃ ቅርጽ በ# ምልክት እንድትሠሩ ይጠይቃችኋል። ቁመቱን ተጠቃሚው ይወስናል። መልሱን ሌክቸሩ ላይ አታገኙትም። ስትጨርሱ በራሱ የሚያርም ፕሮግራም አለ፤ የትኛው ሙከራ እንደወደቀ ይነግራችኋል። ሁሉም በነፃ ነው። በኮርሱ የራሱ ድረ ገጽ ሥራውን ላጠናቀቀም ነፃ ሰርተፍኬት ይሰጣል። የሚከፈልበት በኤድኤክስ በኩል የተረጋገጠ ሰርተፍኬት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ችግሩ ከባድነቱ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሲ በሚባለው ቋንቋ ይገባል። ስለ ሜሞሪ የሚያስተምረው ሳምንት ላይ ብዙ ሰው ይንገዳገዳል። ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። ሥራ እየሠራ ማታ ማታ ለሚማር ሰው ግን የዚሁ ኮርስ ወንድም የሆነውን የፓይተን ኮርስ፣ ሲኤስ50ፒን፣ ቢያስቀድም ይሻለዋል። ያው የማረሚያ ሥርዓት አለው፣ መንገዱ ግን ለስላሳ ነው።

ፍሪኮድካምፕ እ.ኤ.አ. በ2014 በኩዊንሲ ላርሰን የተመሠረተ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። አብዛኛው ነገር በብራውዘር ውስጥ ይሠራል፣ ለመጀመር የሚጫን ነገር የለም። ትምህርቱ በጣም ትንንሽ እርምጃዎች ላይ ተከፋፍሏል። ይህ ጥንካሬውም ድክመቱም ነው። "እዚህ ጋር ይህን ጻፍ" የሚለውን እየተከተሉ ሳያስቡ መቶ እርምጃ መሄድ ይቻላል። ሰርተፍኬት ለማግኘት የሚጠየቁት ፕሮጀክቶች ግን ሌላ ነገር ናቸው። እዚያ መመሪያ የለም፤ ይህን ይህን ማሟላት አለበት ተብሎ ይሰጣችኋል፣ ቀሪው የእናንተ ነው። እኔ ብሆን እርምጃዎቹን በፍጥነት አልፌ ጊዜዬን ፕሮጀክቶቹ ላይ አጠፋ ነበር። ድርጅቱ ለአንድ ሰርተፍኬት 300 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል ሲል ነው የቆየው። በቀን አንድ ሰዓት ላለው ሰው ይህ አሥር ወር ነው። "በሦስት ወር ዴቨሎፐር" የሚለውን ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ቁጥር አስታውሱት።

ዘ ኦዲን ፕሮጀክት ብዙዎቻችን ጋር ብዙም አልተወራለትም፣ ለኢትዮጵያ ሁኔታ ግን ከሁሉም የሚመቸው እሱ ይመስለኛል። ነፃ ነው፣ ዌብ ዴቨሎፕመንት ያስተምራል፣ አብዛኛው ትምህርቱ ጽሑፍ ነው። ዳታ አይበላም። ብዙ ፕሮጀክት ያሠራል፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ፣ ባለሙያዎች በሚሠሩበት መንገድ። ላፕቶፕ ግን ግዴታ ነው፣ ያውም ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወይም ማክ ይፈልጋል። ዊንዶውስ ያለው ሰው ከጎኑ ሊኑክስ መጫን ይኖርበታል። ይህ መጀመሪያ ያስፈራል፣ ሁለት ቀንም ሊያስቸግር ይችላል። ያንን ያለፈ ሰው ግን ከኮርሱ ውጭ አንድ ትልቅ ነገር ተምሯል።

የራሳችን ሰው ሥራም አለ። አሳብነህ የታየህ ከፊንላንድ ሆኖ ፕሮግራመሮች ኮድ በሚያጋሩበት ጊትሃብ በተባለ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያወጣቸው የ30 ቀን ፓይተንና የ30 ቀን ጃቫስክሪፕት ትምህርቶች በመላው ዓለም በብዙ ሺህ ሰዎች ተወድደዋል። ጽሑፍ ናቸው፤ በየቀኑ መጨረሻ ላይ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄድ መልመጃ አላቸው። ደስ የሚለኝ ሌላው ነገር፣ ስማቸው 30 ቀን ቢልም መግቢያው ላይ ከ100 ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል፣ በራሳችሁ ፍጥነት ሂዱ ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ እውነቱን የሚናገር ኮርስ እወዳለሁ። የሚያርም ሥርዓት ግን የለውም፤ መልሳችሁን የሚያይላችሁ ጓደኛ ያስፈልጋችኋል።

የአምስት ሚሊዮኑ ሥልጠናስ? ለመግቢያ ጥሩ ነው። የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ፣ የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ፣ የአንድሮይድ መሠረታዊ ይላሉ ኮርሶቹ። ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ መሠረታዊ ነው። የትኛው ዘርፍ እንደሚስባችሁ ለማወቅ ተጠቀሙበት። ሰርተፍኬቱን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ እዚያው ማቆም ግን ዕድሉን ማባከን ነው። የዚያን ሰርተፍኬት ያህል ብዙ ሰው የያዘው ወረቀት ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም። በእሱ ላይ የተጨመረ፣ የሚሠራና የሚታይ ነገር ነው ለቀጣሪው ስለ እናንተ የሚነግረው።

በቴሌግራም የሚለቀቁት ኮርሶች

ዩዴሚ በተባለው የኮርስ መሸጫ ድረ ገጽ ያሉ የሚከፈልባቸው ኮርሶች ተገልብጠው በቴሌግራም ቻናሎች ሲለቀቁ ማየት ተራ ነገር ሆኗል። ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ተማሪ ያወርዳቸዋል። ለምን እንደሚያደርገው ይገባኛል። የሰው ድካም መሆኑን ግን መሸፋፈን አልፈልግም።

ጉዳቱ ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ አይደለም። በቴሌግራም የሚመጣው ቪዲዮው ብቻ ነው። የሚያርመው ሲስተም፣ ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ፣ አስተማሪው በኋላ የጨመረው ማስተካከያ እዚያው ይቀራል። ተማሪው ከኮርሱ ውስጥ የሚያስፈልገውን ክፍል ጥሎ የማያስፈልገውን ይዞ ይሄዳል። ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል፤ እሱ ግን ገና የመጀመሪያውን ፕሮግራሙን አልጻፈም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ በሕጋዊ መንገድ በነፃ እያሉ ይህን ማድረግ ምንም አያስፈልግም።

ስልክ፣ ዳታ፣ መብራት

ውጭ አገር የሚጻፉ የኮርስ ምክሮች ሁሉም ሰው ላፕቶፕና የማይቋረጥ ኢንተርኔት እንዳለው አድርገው ነው የሚጀምሩት። እኛ ጋር ምርጫውን ግማሽ በግማሽ የሚወስነው ይህ ነው።

በመካከለኛ ጥራት የሚታይ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። የሲኤስ50 አንዱ ሌክቸር ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል። በሞባይል ፓኬጅ ይህን እየተመለከቱ መጨረስ ወጪው ቀላል አይደለም። ግን ያው ሲኤስ50 ለየሌክቸሩ የተጻፈ ማስታወሻ ድረ ገጹ ላይ አለው። ማስታወሻውን አንብቦ፣ ያልገባውን ክፍል ብቻ በቪዲዮ ማየት ይቻላል። የፓይተን ይፋዊ መማሪያም ሙሉ በሙሉ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ግቢ ያላችሁ ደግሞ ዋይፋይ ባለበት አውርዱ፣ ቤት ሠርታችሁ ኑ።

ላፕቶፕ የሌለው ሰው መጀመር አይችልም የሚለውን አልቀበልም። ፓይድሮይድ 3 የተባለው አፕ አንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይተን ያለ ኢንተርኔት ያሠራል። ሶሎለርን የመሳሰሉት አፖችም መግቢያ ይሆናሉ። የዕቁቡን ፕሮግራም በስልክ መጻፍ ይቻላል፤ ጣት ይደክማል እንጂ። ድንበሩ ግን መታወቅ አለበት። ዌብሳይት መሥራት፣ ብዙ ፋይል ያለው ፕሮጀክት መያዝ፣ ከሌሎች ጋር መሥራት ሲመጣ ስልክ አይበቃም። ስለዚህ የስልኩን ጊዜ ቋንቋውን ለመልመድ ተጠቀሙበት፣ ጎን ለጎን ያገለገለም ቢሆን ላፕቶፕ የሚገኝበትን፣ ወይም የግቢና የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር የምታገኙበትን መንገድ ፈልጉ።

ሰዓት የተቆረጠለት ፈተና ያለበት ኮርስ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ራስ ምታት ነው። ሥራችሁን ራሱ ሴቭ የሚያደርግ፣ ባቆማችሁበት የሚቀጥል፣ የመጨረሻ ቀን የማያስገድድ ኮርስ ይሻላችኋል።

እንግሊዝኛውስ? በአማርኛ የሚያስተምሩ የዩቲዩብ ቻናሎች እየበዙ ነው፣ ደስ ይለኛል። ጽንሰ ሐሳቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋ መስማት ብዙ ሰዓት ይቆጥባል። የስሕተት መልእክቱ፣ ማኑዋሉ፣ ሌላ ፕሮግራመር የጻፈው መልስ ግን እንግሊዝኛ ነው። አብረው ይሂዱ። አማርኛውን ስሙ፣ መልመጃውን ከእንግሊዝኛው ኮርስ ሥሩ። ለስሕተት መልእክት የሚያስፈልገው እንግሊዝኛም ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ቃላቱ ይደጋገማሉ።

ስለ ክፍያና ስለ ተስፋ

በብር የሚሠራ የባንክ ካርድ ብዙ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይከፍልም። ስለዚህ ብዙ ሰው አሜሪካ ወይም አረብ አገር ያለ ዘመዱን ያስቸግራል። ዘመድ ከማስቸገራችሁ በፊት ጥቂት ነገር እወቁ። ዩዴሚ ላይ ተሰርዞ የሚታየው ትልቁ ዋጋ አያስደንግጣችሁ፤ ቅናሹ በዓመት ውስጥ እየደጋገመ ይመጣል። ኮርሴራ በተባለው ሌላ የኮርስ ድረ ገጽ ላይ ለብዙ ኮርሶች የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለ፤ ለምን እንደፈለጋችሁ በጽሑፍ ታስረዳላችሁ፣ መልሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ለጀማሪ ደግሞ ከነፃዎቹ በላይ የሚያስፈልግ ነገር ብዙም የለም። መክፈል ትርጉም የሚኖረው ኮዳችሁን አንብቦ የሚያርም ሰው ሲኖር ነው።

በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ከታክሲ፣ ከሆስፒታልና ከሱቅ ሥራ ወደ አይቲ ለመዞር የሚሞክሩ ወገኖቻችን ላይ ግን የክፍያው ነገር ይከብዳል። እዚያ የሚሸጡት አጭር ሥልጠናዎች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ። ላምዳ ስኩል በሚል ስም የጀመረው ብሉምቴክ የሚያስተምር ታሪክ አለው። ተማሪው አሁን አይከፍልም፤ ሥራ ሲያገኝ ከደመወዙ ይከፍላል ይባል ነበር። ከተመራቂዎቹ ከ71 እስከ 86 በመቶ ሥራ እንደሚያገኙም ያስተዋውቅ ነበር። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2024 እርምጃ ሲወስድበት፣ እውነተኛው ቁጥር ወደ 50 በመቶ የተጠጋ፣ ለአንዳንድ ዙሮች እስከ 30 በመቶ የወረደ እንደነበር ገለጸ። ውሉም ብድር ሆኖ ሳለ ብድር አይደለም ተብሎ ነበር የቀረበው። ድርጅቱ ለተማሪ ብድር ከማቅረብ ታገደ።

እንግዲህ "ሥራ እናስይዛለን" የሚል ኮርስ ሲያጋጥማችሁ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከስንት ተመራቂ ስንቱ? በምን ዓይነት ሥራ? ያልተቀጠሩት ተቆጥረዋል? መልስ ካላገኛችሁ ፊርማችሁን ያዙ።

ኮርሱ ስንት ዓመቱ ነው?

ይህ ባጭሩ ይታለፋል፣ ግን አይረሳ። የቀድሞው የፓይተን ስሪት፣ ፓይተን 2፣ ድጋፉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው። የፓይተን ኮርሱ ላይ ፕሪንት ከሚለው ትእዛዝ በኋላ ቅንፍ ከሌለ ያ ኮርስ የዱሮ ነው፤ ዝጉት። ሪአክት የተባለው የጃቫስክሪፕት የዌብሳይት መሥሪያ ኮርስ ከሆነና ክሪኤት ሪአክት አፕ የተባለውን ማስጀመሪያ ጫኑ ካለ፣ ያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በራሱ አዘጋጆች ጡረታ ወጥቷል። ጀማሪ አሮጌ ኮርስ ሲከተል ስሕተቱ የእሱ ይመስለዋል፣ ሙሉ ቀን ይደክማል፣ ስሕተቱ ግን የኮርሱ ነው።

የመጀመሪያ ቋንቋ ምርጫም ሰው እንደሚጨነቅበት አይደለም። ዌብሳይት መሥራት ከፈለጋችሁ ጃቫስክሪፕት፣ ዳታ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሳባችሁ ፓይተን። ካልወሰናችሁ ፓይተን። በቃ። አንዱን በደንብ ያወቀ ሰው ሁለተኛው አይከብደውም።

ቻትጂፒቲ እያለ ለምን?

ይህ ጥያቄ አሁን ከሁሉም በላይ ይነሳል፣ መነሳቱም ትክክል ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ከ22 እስከ 25 ዓመት የሆኑ የሶፍትዌር ባለሙያዎች የቅጥር ቁጥር በ2022 መጨረሻ ከነበረበት ጫፍ ወደ 20 በመቶ ገደማ ወርዷል። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉት ላይ ተመሳሳይ መውረድ አልታየም። ጀማሪ ይሠራው የነበረው ቀላል ኮድ አሁን በማሽን ይጻፋል።

ይህ "አትማሩ" ማለት ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ የማየው የመማሪያውን መንገድ እንደሚለውጥ ነው። ማሽኑ የጻፈውን ኮድ አንብቦ ትክክል ነው፣ እዚህ ጋር ግን ተሳስቷል የሚል ሰው ይፈለጋል። የዕቁቡን ፕሮግራም ቻትጂፒቲ በሰከንዶች ይጽፈዋል። ሁለት ዕጣ ያለውን አባል ማስገባቱን፣ መብራት ሲጠፋ መዝገቡ እንዳይበላሽ ማድረጉን የሚያረጋግጠው ግን ማነው? እሱን የሚያውቀው ራሱ ጽፎ፣ ተሳስቶ፣ አርሞ ያየ ሰው ነው። ከቪዲዮ ኮድ ሲገለብጥ የነበረ ሰው አሁን ከቻትጂፒቲ ቢገለብጥ ያው ቦታ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ስትማሩ አጠቃቀሙን ለዩት። የስሕተት መልእክት በአማርኛ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት፤ እዚያ ላይ በጣም ይጠቅማል። አንድ ሐሳብ በሌላ ምሳሌ እንዲደግምላችሁ ጠይቁት። የመልመጃውን መልስ ግን አትጠይቁት፣ ቢያንስ በራሳችሁ ሞክራችሁ እስክትጨርሱ። ሲኤስ50 ይህን ቀድሞ አስቦበታል፦ መልሱን ሳይሰጥ የሚመራ የራሱን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ለተማሪዎቹ አዘጋጅቷል፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን ለመልመጃ መልስ መጠቀም ግን ይከለክላል። ኮርስ ስትመርጡ እንዲህ ያለ ሕግ ያለው መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

አንዱን ከመረጣችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ስጡት፣ ሌላ ኮርስ ሳትከፍቱ። በሁለቱ ሳምንታት መጨረሻ ላይ ቪዲዮውንም ማስታወሻውንም ዘግታችሁ ከተማራችሁት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ለመጻፍ ሞክሩ። ዕቁቡ ገና ከሆነ ከዚያ ያነሰ ይሁን፤ የኢትዮጵያን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት የሚቀይር ይበቃል። እየተንገዳገዳችሁም ቢሆን ከጻፋችሁት ኮርሱ እየሠራላችሁ ነው፣ ቀጥሉበት። ምንም ካልወጣ ከምዕራፍ አንድ ጀምሩና መልመጃ ብቻ ሥሩ። ሁለተኛውም ጊዜ ካልወጣ፣ ወይም ኮርሱ መጀመሪያውኑ የሚሠራ መልመጃ ከሌለው፣ ያን ጊዜ ቀይሩት። የሚቻል ከሆነ ይህን ሁሉ ከአንድ ጓደኛ ጋር አድርጉት። በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝታችሁ አንዱ የሌላውን ኮድ ያንብብ፤ ያልገባውን መስመር ያሳየው፣ የጻፈውም ሰው በቃሉ ያስረዳው።